በሁለት ሕጎች መካከል፦ ድንበር ተሻጋሪ የሕግ ሥራና ለውጭ ሀገር ምሩቃን የሚሰጠው የማስተርስ ትምህርት

(ይህ ጽሑፍ ለሕግ ትምህርት ቤቱ መምህራንና ተማሪዎች በቃል የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



በየዓመቱ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ወደ ቢሮዬ የሚመጡ ወጣት የሕግ ምሩቃን አሉ። በእጃቸው ከአሜሪካ ወይም ከእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ የተላከ የመቀበያ ደብዳቤ ይይዛሉ፤ ጥያቄያቸውም «ልሂድ ወይስ ልቅር?» የሚል ነው። እስከ ዛሬ ለእያንዳንዳቸው በተናጠል ስመልስ ኖሬያለሁ። አሁን ግን በአደባባይ የመናገር ዕድል ስላገኘሁ፣ ትምህርቱ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ከሥሩ ለማየት እሞክራለሁ።

ከአንድ ወረቀት ልጀምር። የምነግራችሁ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ በሥራ ዘመኔ ካጋጠሙኝ ተመሳሳይ ጉዳዮች የተውጣጣ ምሳሌ ነው። አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ብዙ ዓመታት ኖረው ያርፋሉ። ልጆቻቸው ዕቃቸውን ሲያነሡ ከመሳቢያ ውስጥ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ያገኛሉ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በእናትየዋ እጅ ተጽፏል፤ ቀን አለው፤ ተፈርሞበታል፤ «ይህ ኑዛዜዬ ነው» ይላል። ምስክር ግን የለበትም። አዲስ አበባ ያለውን ቤት ለታናሽ እህታቸው፣ በአሜሪካ ባንክ የተቀመጠውን ገንዘብ ለልጆቻቸው ተናዝዘዋል። ልጆቹ ወረቀቱን ይዘው ወደ ጠበቃ ይመጣሉ።

በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 884 መሠረት፣ ተናዛዡ ሙሉ በሙሉ በእጁ የጻፈውና ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ያመለከተበት ጽሑፍ ምስክር ሳያስፈልገው ይጸናል። የሜሪላንድ ሕግ ግን ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃል፤ በእጅ ለተጻፈ ምስክር አልባ ኑዛዜ ቦታ የሚሰጠው ከአሜሪካ ውጭ ሆነው በጦር ኃይሉ ለሚያገለግሉ ሰዎች ብቻ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረን ቨርጂኒያ ብንገባ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የእጅ ጽሕፈቱ የሟች መሆኑ ጥቅም በሌላቸው ሁለት ሰዎች ከተረጋገጠ ወረቀቱ ኑዛዜ ነው። በዚህ ላይ የሜሪላንድ ሕግ ራሱ ሌላ በር ይከፍታል። ከግዛቱ ውጭ የተደረገ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ ከተፈረመበትና በተደረገበት ቦታ ሕግ የጸና ከሆነ፣ ሜሪላንድም ትቀበለዋለች።

ስለዚህ የጠበቃው የመጀመሪያ ጥያቄ «ወረቀቱ ምን ይላል?» የሚል አይሆንም። «እናታችሁ ይህን ሲጽፉ የት ተቀምጠው ነበር?» የሚል ነው። ለገና አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ ጽፈውት ከሆነ፣ ወይም ቅዳሜ ቀን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ከሆነ፣ ኑዛዜው ሜሪላንድ ውስጥም ሊጸና ይችላል። በራሳቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጽፈውት ከሆነ ግን፣ ያው ቃል፣ ያው ቀለም፣ ያው ፊርማ በሜሪላንድ ፍርድ ቤት ፊት ተራ ወረቀት ነው። የአዲስ አበባው ቤት ጉዳይ ደግሞ ሌላ ሸክም ይዞ ይመጣል። ስለ ሕጎች ግጭት የወጣ ዝርዝር ሕግ የለንም፤ ዳኛው የትኛውን ሕግ እንደሚመርጥ የሚነግረው አንቀጽ ሳያገኝ ከአጠቃላይ መርሖችና ከሰበር ውሳኔዎች ተነሥቶ መወሰን ይኖርበታል። ሟች ዜግነታቸውን ቀይረው ከነበረ ስለ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 270/1994፣ በተለምዶ የቢጫ ካርዱ አዋጅ የምንለው፣ መታየት አለበት።

ሜሪላንድ ውስጥ ብቻ የሠራ ጠበቃ የአንቀጽ 884ን መኖር አያውቅም። አዲስ አበባ ብቻ የሠራ ጠበቃ ወንዝ መሻገር የኑዛዜን ዕጣ እንደሚለውጥ አይጠረጥርም። ድንበር ተሻጋሪ የሕግ ሥራ ስንል ብዙዎቻችን ትልልቅ ኩባንያዎችንና የብድር ስምምነቶችን እናስባለን፤ እነርሱም አሉበት። የዕለት ተዕለት እንጀራው ግን እንዲህ ያለው ከመሳቢያ የወጣ ወረቀት፣ በኤምባሲ የተፈረመ ውክልና፣ በሁለት ሀገር የተመዘገበ ጋብቻ ነው።

ወደ ትምህርቱ ልግባ። በአሜሪካ ሰው ጠበቃ የሚሆነው በመጀመሪያ በሌላ የትምህርት መስክ ዲግሪ ይዞ፣ ከዚያ በኋላ ጄ.ዲ. የሚባለውን የሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ጨርሶ ነው። ኤል.ኤል.ኤም. የሚባለው የማስተርስ ዲግሪ ከዚያ በላይ የሚመጣ የአንድ ዓመት ትምህርት ሲሆን፣ ለአሜሪካውያኑ እንደ ግብር ሕግ ባለ አንድ ዘርፍ ጠልቆ መግቢያ ነው። በውጭ ሀገር ለተማረ ሰው ግን ሌላ ትርጉም አለው፤ ወደ አንድ እንግዳ የሕግ ሥርዓት መግቢያ ደጅ ነው። ብዙ ተማሪ የማያውቀው አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ዕውቅና የሚሰጠው ለጄ.ዲ. ትምህርት እንጂ ለኤል.ኤል.ኤም. አይደለም። «ዕውቅና ያለው የሕግ ትምህርት ቤት» ሲባል ትምህርት ቤቱ በጄ.ዲ. ፕሮግራሙ ዕውቅና አለው ማለት ነው፤ የማስተርስ ፕሮግራሙ ይዘት ተመርምሮ ጸድቋል ማለት አይደለም። በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ይህ ልዩነት አይታይም።

የጥብቅና ፈቃድን የሚሰጡት ግዛቶቹ ናቸው፤ ከእነርሱም ለውጭ ምሩቃን በሩን አስቀድማ ከፍታ ደንቡን በዝርዝር የጻፈችው ኒውዮርክ ናት። ደንቡ የግዛቲቱ የይግባኝ ፍርድ ቤት ደንብ ክፍል 520.6 ነው። (በነገራችን ላይ በኒውዮርክ «የይግባኝ ፍርድ ቤት» የመጨረሻው ፍርድ ቤት ሲሆን፣ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» የሚባለው ጉዳዮች በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዩበት ነው። ስም አያታልላችሁ፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።) ደንቡ ሁለት ነገሮችን ይመዝናል። አንደኛው የትምህርቱ ርዝመት ነው፤ የሕግ ትምህርታችሁ ከአሜሪካው ጄ.ዲ. ጋር በጊዜ የሚመጣጠን መሆን አለበት። ሁለተኛው ይዘት ነው፤ ሀገራችሁ የእንግሊዝን ኮመን ሎው የምትከተል መሆን አለባት። ሁለቱንም ያሟላ ሰው በቀጥታ ለፈተና ይቀርባል። አንዱ የጎደለው ሰው ጉድለቱን በ24 ክሬዲት ኤል.ኤል.ኤም. መሙላት ይችላል። ሁለቱም የጎደሉት ሰው ግን ኤል.ኤል.ኤም. ቢማርም አይድንም።

የእኛ ምሩቅ በዚህ ሚዛን የት ይወድቃል? በአራት ዓመትም ሆነ በአምስት ዓመት ሥርዓተ ትምህርት በመደበኛ ቀን ትምህርት የተመረቀ ሰው በርዝመቱ በኩል አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም። የይዘት ጉድለት ግን አለበት፤ ምክንያቱም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሬኔ ዳቪድ፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የዣን ግራቨን እጅ ያለባቸው በመሆኑ ኢትዮጵያ የኮመን ሎው ሀገር ናት ሊባል አይችልም። ስለዚህ ኤል.ኤል.ኤሙ ይህን አንድ ጉድለት ይሞላል። አደጋው በተፋጠነ ወይም በርቀት ፕሮግራም ለተመረቀው ነው። የርዝመት ጉድለት ከታየበት ሁለቱም ጎደሉ ማለት ነው፤ ያ ሰው በሰባ ሺህ ዶላር የገዛው ዲግሪ የኒውዮርክን ፈተና በር አይከፍትለትም። ይህን ከሄደ በኋላ ያወቀ ሰው አጋጥሞኛል። የፈተና ቦርዱ አስቀድሞ የመገምገሚያ መንገድ አለው፤ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት አስገምግሙ።

ከ24ቱ ክሬዲቶች ውስጥም ሁሉም እንደ ፈቃድ የሚመረጡ አይደሉም። 2 ክሬዲት የሙያ ሥነ ምግባር፣ 2 ክሬዲት የሕግ ምርምርና ጽሑፍ፣ 2 ክሬዲት የአሜሪካ ሕግ ሥርዓት መግቢያ፣ 6 ክሬዲት ደግሞ በፈተናው ከሚጠየቁ ትምህርቶች መሆን አለባቸው። በዓለም አቀፍ የሰብአዊ መብት ሕግ ዓመቱን ሙሉ ተምሮ፣ በግንቦት ወር ለፈተና ብቁ አለመሆኑን የሚረዳ ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም።

ስለ ራሴም ልንገራችሁ። ደንቡ የትምህርት ማስረጃ ከተማራችሁበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ለፈተና ቦርዱ እንዲላክ ያዛል። እኔ ትራንስክሪፕቴን አሳትሜ፣ አሳሽጌ፣ በአንድ ዘመዴ እጅ ወደ ኒውዮርክ አስመጣሁና ራሴ አስገባሁ። ማኅተሙ ደኅና ነበር፤ ላኪው ግን እኔ ነበርሁ። ቦርዱ መለሰው። ወደ ሀገር ቤት ስልክ መደወል ጀመርሁ። ሬጅስትራሩ ክፍያ በአካል እንጂ በሌላ መንገድ አንቀበልም አለ፤ ወንድሜ ከፈለ፤ ደብዳቤው በተሳሳተ አድራሻ ሄደ፤ እንደገና ተጻፈ። የሐምሌው ፈተና ምዝገባ አለፈኝ። ተማሪ ሆኖ የገባ ሰው ከተመረቀ በኋላ በሙያው የሚሠራበት ጊዜ ቢበዛ 12 ወር ነው፤ ከዚያም ውስጥ ያለ ሥራ ሊቆይ የሚችለው 90 ቀን ብቻ ነው። እኔ ከዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሰባቱን ወራት አንድ ፖስታ በመጠበቅ አሳለፍሁ። በየካቲት ተፈተንሁ፤ ወደቅሁ። በሚቀጥለው ሐምሌ አለፍሁ፤ የሥራ ፈቃዴም በዚያው ሰሞን አለቀ። ቆይቶ በሌላ መንገድ ፈቃድ አግኝቼ በዋሽንግተን አካባቢ ለጥቂት ዓመታት በኢሚግሬሽን ሕግ ሠርቻለሁ፤ የኢሚግሬሽን ሕግ የፌዴራል ስለሆነ የአንድ ግዛት ፈቃድ ያለው ጠበቃ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ፊት ሊቆም ይችላልና።

ለምን ወደቅሁ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ፤ መልሱም የዛሬው ንግግሬ እምብርት ነው።

እኛ ሕግን የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። የሕግ ትምህርት ቤታችን በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ፤ ከእርሳቸው ጋር የመጡት መምህራንም በአብዛኛው አሜሪካውያን ነበሩ። ስለዚህ አሜሪካ ስንደርስ ቋንቋው አይገድበንም፤ ቃላቱን ሁሉ እናውቃቸዋለን። ችግሩም ይኸው ነው። ከጃፓን ወይም ከብራዚል የመጣው የክፍል ጓደኛዬ ያላወቀውን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጦ ይፈልጋል። እኔ ግን የማውቀው ስለመሰለኝ አልፈልገውም።

«ትረስት» የሚለውን ቃል እንውሰድ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእንግሊዝኛ ቅጂ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ይህንኑ ስም ይጠቀማል። በእኛ ሕግ ግን በአደራ የተሰጠው ንብረት ራሱን የቻለ ተቋም ይሆናል፤ አደራ ተቀባዩ የዚያ ተቋም አስተዳዳሪ ነው። በኮመን ሎው ትረስት ተቋም አይደለም። ባለቤትነቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ በሕግ ፊት ባለቤቱ አደራ ተቀባዩ ሲሆን፣ በፍትሕ ርትዕ ፊት ባለቤቱ ተጠቃሚው ነው። እኔ በፈተናው ወረቀት ላይ ትረስትን እንደ ተቋም አድርጌ ጻፍሁ። የጻፍሁት እንግሊዝኛ ንጹሕ ነበር፤ ሕጉ የሬኔ ዳቪድ ነበር።

ከዚህ የባሰው «ኮንሲደሬሽን» ነው። ለቃል ኪዳን በልዋጭ የሚሰጥ ነገር ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መምህራችን የሀመርንና የሲድዌይን ጉዳይ አነሡ። የኒውዮርክ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1891 እ.ኤ.አ. የወሰነው ነው። አጎት ለወንድሙ ልጅ፣ እስከ 21 ዓመትህ ድረስ መጠጥና ትንባሆ ካልቀመስህ፣ ካልተሳደብህ፣ በገንዘብም ካልተጫወትህ 5 ሺህ ዶላር እሰጥሃለሁ ይለዋል። ልጁ ቃሉን ይጠብቃል። አጎት ሳይከፍል ይሞታል። መምህራችን «ገንዘቡ ይከፈላል?» ብለው ወደ እኔ ዘወር አሉ። እኔም በኢትዮጵያ ሕግ አእምሮ አንቀጽ 1678ን አሰብሁ፤ የተዋዋዮች ችሎታና ፈቃድ፣ የተወሰነና የሚቻል ሕጋዊ ጉዳይ፣ ሕግ ያዘዘ እንደሆነም ፎርም። «ተስማምተዋል፤ ስለዚህ ውል ነው» አልሁ። መምህሩ ፈገግ ብለው «ልጁ ለአጎቱ ምን ሰጠው?» አሉኝ። ጥያቄው ለምን እንደተጠየቀ እንኳ አልገባኝም። በእኛ ሕግ አንድ ሰው «ምን ሰጠው?» ብሎ የሚጠይቀው ነገሩ ስጦታ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለመለየት እንጂ፣ ውል መኖሩን ለማወቅ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ግን ልጁ በሕግ የተፈቀደለትን ነገር መተዉ ራሱ ልዋጭ ነው ብሎ ፈረደለት።

ልዩነቱ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቡና ላኪያችን ለኒውዮርክ ቆይ «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ድረስ የጸና ነው» ብሎ ጻፈ እንበል። በእኛ አንቀጽ 1690 የጊዜ ገደብ የሰጠ ሰው እስከዚያ ጊዜ ድረስ በቃሉ ይታሰራል። በጥንታዊው ኮመን ሎው ግን ልዋጭ ያልተከፈለበት ቃል ስለሆነ ረቡዕ ቀን ሊሽረው ይችላል። እዚህ ላይ የቆመ ተማሪ ግን አሁንም ተሳስቷል። የንግድ ዕቃ ሽያጭ ሲሆን የንግድ ሕጉ በነጋዴ የተፈረመ እንዲህ ያለ የጽሑፍ ቃል እስከ ሦስት ወር ድረስ አይሻርም ይላል፤ ኒውዮርክም በጠቅላላ ግዴታዎች ሕጓ ለሌሎች የተፈረሙ ጽሑፎች ተመሳሳይ ድንጋጌ አላት። ስለዚህ ረጅም መንገድ ዞረን የሬኔ ዳቪድ አንቀጽ አጠገብ እንደርሳለን። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ምንም ዙሪያ መሄድ አያስፈልግም። በሩቅ ባሉ ሰዎች መካከል ውል የሚጸናው ተቀባዩ መልሱን በላከበት ቀን ነው የሚለው አንቀጽ 1692፣ እንግሊዞች ከ1818 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከያዙት መርሕ ጋር በውጤቱ አንድ ነው።

ሁለተኛው የውድቀቴ ምክንያት አጻጻፌ ነበር። እኛ «በአንቀጽ እገሌ መሠረት» ብለን እንጀምርና መልሱን ከአንቀጹ ውስጥ እናወጣለን። የአሜሪካው ፈተና የሚፈልገው ጭብጡን መለየት፣ ሕጉን ማስፈር፣ ከዚያም ሕጉን ከእያንዳንዱ ፍሬ ነገር ጋር ማጋጠም ነው። ነጥቡ ያለው በዚህ በማጋጠሙ ላይ ነው። ብዙ ግዛቶች የሚጋሩትና ኒውዮርክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀበለችው የሁለት ቀን ፈተና 200 የምርጫ ጥያቄ፣ 6 የጽሑፍ መልስና 2 የተግባር ሥራ አለው፤ የኒውዮርክ ማለፊያ 266 ነው። በተግባር ሥራው ላይ የሕግ ጥራዙ ከፈተናው ጋር አብሮ ይሰጣችኋል፤ የሚፈተነው ትዝታችሁ ሳይሆን እጃችሁ ነው። ይህ ፈተና በሐምሌ 2028 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ በአዲስ ዓይነት ፈተና እንዲተካ ተወስኗል፤ አዲሱም ወደ ተግባር ያዘነበለ ነው። ከዚህ ሌላ የሥነ ምግባር ፈተና፣ ስለ ኒውዮርክ ሕግ የሚሰጥ ኮርስና ፈተና፣ 50 ሰዓት ነፃ የሕግ አገልግሎት፣ የተግባር ችሎታ ማረጋገጫም ይጠየቃል። ዲግሪው ከእነዚህ የአንዱንም ቦታ አይተካም።

በዚህ ረገድ ከሀገር ቤት የምንወስደው አንድ ስንቅ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ብዙዎቻችን ግን አናውቅበትም። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ይህ የኮመን ሎው የቀዳሚ ፍርድ ሥርዓት የቅርብ ዘመድ ነው። ነገር ግን የሰበር ቅጾችን የምናነበው እንዴት ነው? ውሳኔውን አንድ ዓረፍተ ነገር አድርገን፣ እንደ ተጨማሪ አንቀጽ እንሸመድደዋለን። ፍሬ ነገሩ ቢለወጥ ውሳኔው ይለወጥ ነበር ወይ ብለን አንጠይቅም። አንድ የሰበር ውሳኔ ይዛችሁ የአመልካችን ሁኔታ በአንድ ነጥብ ብቻ ለውጡና ተከራከሩበት፤ ኒውዮርክ የሚከፈልበትን ትምህርት ግማሽ እዚሁ በነፃ ታገኙታላችሁ።

ስለ ሌሎች ሀገሮች በአጭሩ ልለፍ። ካሊፎርኒያ በሀገሩ የጥብቅና ፈቃድ ያለውን ሰው ያለ ኤል.ኤል.ኤም. ለፈተና ታቀርባለች፤ ፈቃድ ሳይኖረው ዲግሪ ብቻ የያዘውን ግን አስቀድሞ እንዲማር ትጠይቃለች። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሶሊሲተሮች ፈተና ሁለት ደረጃ ያለው ሆኗል፤ በሀገሩ ጠበቃ የሆነ ሰው ሌሎች የሚጠየቁትን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ አይጠየቅም፤ ማስተርስም ግዴታ አይደለም። በካናዳ አንድ ብሔራዊ ኮሚቴ ማስረጃችሁን አይቶ የሚጎድሏችሁን ትምህርቶች ይዘረዝራል፤ በራሳችሁ አንብባችሁ መፈተን ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ የማስተርስ ፕሮግራም መማር ትችላላችሁ። ማንም ሰው «የውጭ ጠበቃ ለመሆን ኤል.ኤል.ኤም. የግድ ነው» ቢላችሁ፣ የትኛው ውጭ ብላችሁ ጠይቁት።

ከዚህ ሁሉ ውጭ አንድ ጠባብ በር አለ፤ የውጭ ሕግ አማካሪነት ይባላል። ኒውዮርክ በደንቧ ክፍል 521 መሠረት ካለፉት አምስት ዓመታት ቢያንስ ሦስቱን በሀገሩ በሕግ ሙያ የሠራን ሰው ያለ ፈተና ፈቃድ ትሰጠዋለች። ይህ ሰው ፍርድ ቤት አይቆምም፣ ስለ ኒውዮርክ ሕግ በራሱ ምክር አይሰጥም፤ ስለ ሀገሩ ሕግ ግን በይፋ ያማክራል። ዋሽንግተን ዲሲም ተመሳሳይ ሥርዓት አላት። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዋሽንግተን አካባቢ ባለው ማኅበረሰባችን ውክልና የሚያረቅ፣ የኢሚግሬሽን ፎርም የሚሞላ፣ ስለ አዲስ አበባ ቤት ምክር የሚሰጥ ሰው ሞልቷል። ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው፤ ፈቃድ ግን የላቸውም። አንቀጽ 2205 ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል እንደሚል የማያውቅ ሰው ያረቀቀው አጠቃላይ ውክልና፣ ባለቤቱ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ እንዲመጣ ሲያስገድደው አይቻለሁ። እዚያ ማኅበረሰብ ውስጥ የኢትዮጵያን ሕግ በፈቃድ የሚያማክሩ ባለሙያዎች ቢበዙ ብዙ ዕንባ ይቀር ነበር።

ለተመላሹስ ትምህርቱ ምን ይሠራለታል? ኒውዮርክ የገንዘብ መጠናቸው 250 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ የሆኑ ውሎች ከግዛቷ ጋር ምንም ግንኙነት ባይኖራቸው እንኳ በሕጓ እንዲገዙ ትፈቅዳለች። የእንግሊዝ ሕግም እንዲሁ በዓለም ዙሪያ ይመረጣል፤ ኢትዮጵያ በ2014 እ.ኤ.አ. የሸጠችው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የሚገዛው በእንግሊዝ ሕግ ነው። እኛ ባንወድም፣ የሀገራችን ትልልቅ ውሎች የሚተረጎሙት በሌላ ሕግ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ በእኛ በኩል የሚቀመጠው ሰው ውሉ ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ቃል እንደ እነርሱ ማንበብ አለበት።

የክርክር መፍቻውን አንቀጽ ብቻ እንይ። አሜሪካ የፍርድ ቤት ፍርዶችን ስለ መፈጸም ከየትኛውም ሀገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት የላትም፤ የእኛ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 458 ደግሞ የውጭ ፍርድ የሚፈጸመው ያ ሀገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም ከሆነ ነው ይላል። ስለዚህ «የኒውዮርክ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ይኖራቸዋል» የሚል ሐረግ ያስገባ ጠበቃ ደንበኛውን አዲስ አበባ ላይ ባዶ እጁን ሊያስቀረው ይችላል። በአንጻሩ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 የኒውዮርክን የግልግል ዳኝነት ስምምነት ተቀብላለች፤ አዋጅ ቁጥር 1237/2013ም ተከትሏል። ያው ውል የግልግል አንቀጽ ቢኖረው ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። ወይም ማስረጃው አሜሪካ ባንክ ውስጥ ያለ ክርክር አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ቢኖራችሁ፣ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ አንቀጽ 1782 የዚያ ሀገር ፍርድ ቤት ማስረጃውን እንዲያስወጣላችሁ ለመጠየቅ ያስችላል። ጉዳዩ የግል የንግድ ግልግል ከሆነ ግን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ይህን በር ዘግቶታል። ግልግልን የመረጠ ሰው በአንድ እጁ ያገኘውን በሌላው ያጣል ማለት ነው፤ ይህን መዝኖ ለደንበኛው የሚነግር ሰው ነው የሚፈለገው። የአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት እንዲደራጁ ስለ ፈቀደ፣ እንዲህ ያለው ባለሙያ ዛሬ ከእኔ ጊዜ ይልቅ የሚቀመጥበት ወንበር አለው።

ስለዚህ ደብዳቤ ይዞ ለሚመጣው ተማሪ የምጠይቀው ይህ ነው። የት ሀገር ልትሠራ ነው የምትሄደው? ልትመለስ ከሆነ የፈተና ትምህርቶችን ትተህ ግልግልን፣ ፋይናንስንና የውል አረቃቅን ተማር፤ ፈቃዱ ለሥራህ አያስፈልግህም። ልትቀር ከሆነ ገንዘቡን ሳትከፍል ዲግሪህን አስገምግም። የምትማረው በብድር ከሆነ፣ ፈተናውን ብትወድቅስ ብድሩን በምን ትከፍለዋለህ? ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰልኝ ተማሪ ጥቂት ነው።

ከአዳራሹ «ምን ይዘን እንሂድ?» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ደርሶኛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ያዙ፤ የአማርኛውን ቅጂ ጭምር። በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲኖር የሚጸናው አማርኛው ነው፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ደንበኛችሁም የሚያናግራችሁ በአማርኛ ነው። ከቪዛው ቀጠሮ በፊት ደግሞ ወደ ሬጅስትራር ሂዱ። ትራንስክሪፕት ወደ ውጭ ተቋም በቀጥታ የሚልከው ማን እንደሆነ፣ ክፍያው በማን ስም እንደሚፈጸም ጠይቁ፤ እናንተ በሌላችሁበት ጉዳዩን የሚከታተል ሰውም በሕጋዊ ውክልና ወክላችሁ ሂዱ። ውክልናው ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ልነግራችሁ አይገባም፤ ተምራችኋል።